ያሰረው እጅ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙዓዝ በሺር፣ አሶሳ

አሰላሙ ዐለይኩም። የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ሰው ሠራሹ እግር አሁንም ቆዳህን ይልጥሃል ወይስ ለመድኸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ባልሆንም ለሰው አልነግርም። ረመዳን ሊገባ ሦስት አራት ቀን ቀርቶታልና ሳይገባ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

«ከደሴ ወጣች የሚሉት እውነት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እውነት ነው። ከሆስፒታል ካሰናበቱኝ ወዲህ ደሴ ላይ የሚቀጥረኝ አጣሁ። ስሜ «የወንድሟን እግር ያስቆረጠችው» ሆኗል። ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ገብቻለሁ። ታካሚዎቼ የፋብሪካ ሠራተኞችና የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ እነሱ ስሜን አያውቁም።

ስለ እማም ጠይቀኸኛል። ለመውሊድ ገራዶ ሄጄ ነበር። በር ላይ ቆማ «ወንድምሽ ደህና ነው?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኋት። ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። እግርህን ካጣህበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ ለዶክተር ማረው ድግስ ተደግሶለት ነበር። ሐኪም ቤትና መንገድ በሌለበት፣ በበረሃና በተራራ የሰው ሕይወት ስለማትረፍ የሚያስተምር አንድ የውጭ አገር ማኅበር አለ። ያ ማኅበር «ከፍተኛ ባልደረባ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ከተቆጠሩለት ሥራዎች አንዱ ምን መሰለህ? «በባቲ ቆላ በእባብ የተነደፈ ወጣት ከሞት ማትረፍ»። ወጣቱ አንተ ነህ፣ ሙዓዝ።

ራሴን ስቼ ነበር፣ ምንም አላስታውስም ስለምትል እኔ ልጻፈው። ግንቦት 1993፣ ከማረው ጋር ለክትባት ዘመቻ ከባቲ በታች ወርደን ደረቁ ወንዝ ውስጥ ነበርን። አፋርኛ ስለምትችል አስተርጓሚ ሁነን ብዬ የወሰድሁህ እኔ ነኝ፤ እሱን አልክድም። እፉኝት ቁርጭምጭሚትህን ነደፈህ። መኪናው ከሁለት ሰዓት መንገድ በላይ ርቆ ቆሟል። ማረው የጎማ ቱቦ አውጥቶ ከጉልበትህ በላይ ጠፍሮ አሰረህ። «ዶክተር፣ ለእባብ አይታሰርም! በእንጨት ደግፈን፣ ሳናንቀሳቅሰው፣ በቃሬዛ ቶሎ እናውጣው» ብዬ ጮህሁ። «አንቺ ጤና መኮንን ነሽ፤ ሐኪሙ እኔ ነኝ» አለኝ። ልፈታው እጄን ብሰነዝር እጄን መታኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት እንደታሰርህ ደሴ ገባህ። እግርህ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር።

በሳምንቱ ሪፖርት ተጻፈ። አሳሪዋ እኔ፣ ፈቺው እሱ ሆነ። ሪፖርቱን አሳዩኝ ብል «ምስክር አለ» ብለው መለሱኝ። ምስክሩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ያንን ማዕረግ እኔም አገኘዋለሁ። ከዚያ ከፊቱ እቀመጣለሁ። ሽማግሌ አልልክበትም፣ አልረግመውም፤ በገዛ ሙያው ነው የምይዘው።

እህትህ ፊርደውስ

*

አሶሳ፣ ኅዳር 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ወዐለይኪ ሰላም። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። መልሴ ስለዘገየ አፉ በይኝ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

«ድምፄን እንኳ አታስታውስም ወይ?» ብለሽኛል። አላስታውስም። እባቡን አስታውሳለሁ፣ አሸዋው እንዴት እንደሚያቃጥል አስታውሳለሁ፣ ከዚያ የሆስፒታሉን ጣሪያ። መሃሉ የለም።

ይህን ሥራ ማን እንዳስገኘልኝም ጠይቀሽኛል። አንድ ሰው ነው። ስሙ ምን ያደርግልሻል? መዝገብ ቤት ተቀምጬ ገቢና ወጪ ደብዳቤ እመዘግባለሁ። አንድ እግር ላለው ሰው ከዚህ የሚሻል ወንበር የለም። እዚህ ቀርከሃው ብዙ ነው፤ ሰው ሠራሹ እግር ሲያመኝ የምደገፍበት ምርኩዝ ሠርተውልኛል፣ ቀላልና ጠንካራ።

የዶክተሩን ነገር ግን ተይው። አባባ ነፍሱን ይማረውና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይል አልነበር? ትምህርቱን ከወደድሽው ተማሪው። ለሰው ብለሽ አትማሪው።

ለእማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ልል ነበር፤ እንደማትነጋገሩ ረስቼው ነው።

ወንድምሽ ሙዓዝ

*

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ሙዓዝ፣

ሳሌን አፍኜ ልሰርቅ አልሄድሁም። እያሳልሁ፣ በግላጭ ነው የምሄደው፤ እንዲያውቅብኝ እፈልጋለሁ።

«ምን ያህል ቀረሽ?» ላልኸው፣ ለማዕረጉ የሚያስፈልገው ነጥብ መቶ ነው፤ ሰባ አንድ ደርሻለሁ። ትምህርቱ በፖስታ ይመጣል፤ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየሰበርሁ አነበዋለሁ። ግማሹ ፈተና፣ ግማሹ የእጅ ሥራ ነው። ከሆስፒታል ርቀሽ ማንን አከምሽ፣ በምን አከምሽ፣ ማን አየሽ ይላሉ። ጦሳ ተራራ ላይ እንጨት ሲለቅሙ ብርድ ያደነዘዛቸውን ሁለት ሴቶች ቀስ ብዬ አሙቄ አወረድሁ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉም ሸፍኖት አንድ ሚኒባስ ገደል ገባ። በገመድ ወረድሁ። ዘጠኝ ሰው ነበረበት፤ ሰባቱን በሕይወት አወጣን። አንገቷ የተጎዳ አንዲት ሴት ነበረች። ቃሬዛ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝናብ እየመታን ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ይዤ ተንበረከክሁ። «እጅሽ ይባረክ» ትለኛለች። እኔ በሆዴ የምለው ግን «ይኸው ማረው፣ ይኸው ሌላ ነጥብ» ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ከሰው ቁስል ላይ ነጥብ የምለቅም ሆኛለሁ። ይኸው ነው እውነቱ፤ ካንተ አልደብቅም።

«እሱ ዘንድ ሄድሽ ወይ?» ላልኸኝም፣ ሄድሁ። ማመልከቻው ሥራዬን የሚያውቅ የአንድ የማኅበሩ ባልደረባ ፊርማ ይፈልጋል፤ በእኛ አገር ደግሞ ያለው እሱ ብቻ ነው።

«ፊርደውስ፣ ተቀመጪ እንጂ» አለኝ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ። ወረቀቴን ገልጦ አነበበ። «ይህን ሁሉ አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«የባቲውን አላስገባሽውም» አለና ፈገግ አለ።

«የባቲውንማ እርስዎ ወስደውታል» አልሁት።

ብዕሩን ከደነው። «የሰው እግር ባሳጣ እጅ ላይ ስሜን አላኖርም» አለኝ። በዚያ አፉ! ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ወረቀቴን በቅደም ተከተሉ አስተካከልሁ። ያኔ ነው እንደምጨርሰው ያወቅሁት።

ግንቦት ላይ ባሌ ተራራ የአሥር ቀን የተግባር ሥልጠና አለ። አስተማሪዋ ከናይሮቢ የሚመጡ አሮጊት ሐኪም ናቸው አሉ። ሥራዬን አይተው ከፈረሙልኝ የማረው ፊርማ አያስፈልገኝም።

ስልክ ስደውል ቶሎ ስለምትዘጋ ነው እንዲህ የማረዝመው።

ፊርደውስ

*

አሶሳ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1997 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

አትናደጂና አንድ ነገር ልበል። ለዶክተሩ እኔ ልጻፍለት? ብጽፍለት እንቢ አይለኝም። ፊርማውን ይሰጥሻል፤ አንቺም ማዕረግሽን ይዘሽ ነገሩን ትተይዋለሽ።

ባሌ ብርድ ነው፤ ወፍራም ጋቢ ያዢ።

ሙዓዝ

*

ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሙዓዝ፣

መጣ። ዛሬ ከፖስታ ቤት አወጣሁት። ፊርደውስ በሺር፣ ከፍተኛ ባልደረባ። የናይሮቢዋ ሐኪም ከፈረሙልኝ በኋላ ፈተናውን ለመጨረስ አንድ ዓመት ፈጀብኝ እንጂ ይኸው።

«ደስ አለሽ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ባለፈውም ብለኸኝ ነበር። ደስታ አይባልም። የተራበ ሰው የወጥ ሽታ ሲሸተው እንደሚሆነው ነው የሆንሁት።

አሁን ልንገርህ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይኔ የነበረው በማኅበሩ ደንብ አንዲት አንቀጽ ላይ ነው። የአንድን ባልደረባ ሥራ ሐሰት ነው ብሎ የሚከሰው ሌላ ባልደረባ ከሆነ፣ ማኅበሩ መመርመር አለበት። የውጭ ሰው ቢከስ ወረቀቱን ይጥሉታል። ሦስት ዓመት የለፋሁት ለዚያች አንቀጽ ነው። ክሴን ልኬያለሁ፤ ተቀብለውታል። ከረመዳን በኋላ ሁለት መርማሪዎች ደሴ ይመጣሉ። ዋናውን ሪፖርት ከነምስክሩ ቃል እንዲወጣም ለቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ለሆስፒታሉ ጽፈዋል። አብራኝ የተማረችው አቢጌል፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖረው፣ አሁን የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። «በጸሎት ይዤሻለሁ፤ ከመስቀል በኋላ ፋይሉን በእጅሽ ታያለሽ» ብላኛለች።

ያን ጊዜ ያ ምስክር ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም ይሁን አልምረውም።

አንድ ነገር ቀረ። ዓምና «ብጽፍለት እንቢ አይለኝም» ብለኸኝ ነበር። ማረው አንተን ለምንድን ነው እንቢ የማይልህ? ሦስት ጊዜ ጠይቄህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ ጻፍህልኝ። አሁንም እጠይቅሃለሁ።

ፊርደውስ

*

አሶሳ፣ መስከረም 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ፊርደውስ፣

ፋይሉ ሳይከፈት እንዲደርስሽ ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄድ ሾፌር እጅ ነው የላክሁት። ዛሬ ረመዳን ገባ። ይህን ይዤ አምስት ዓመት ጾሜያለሁ፤ ስድስተኛውን አልቻልሁም።

ምስክሩ እኔ ነኝ።

ራሴን አልሳትሁም። ሁሉንም ሰምቻለሁ። «አይታሰርም!» ብለሽ ስትጮሂ፣ እጅሽን ሲመታሽ፣ በመንገድ ላይ «ለአፍታ እንኳ ይፈታ» እያልሽ ስትለምኚው ሰምቻለሁ። እግሬ በተቆረጠ በአምስተኛው ቀን ማረው ወረቀት ይዞ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። «እግርህ አይመለስም፤ ሕይወትህ ግን ሊስተካከል ይችላል» አለኝ። ሰው ሠራሹን እግር ከአዲስ አበባ እንደሚያስመጣልኝ፣ ቋሚ ሥራ እንደሚያስገኝልኝ ነገረኝ። ሁለቱንም አድርጓል። ፈረምሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ድሀ ነበርሁ፣ ፈራሁ ብዬ አፉ በይኝ እልሽ ነበር። ሌላም አለ። ተቀይሜሽ ነበር። «ና፣ አንድ ሳምንት ነው» ብለሽ ወደዚያ በረሃ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ በሁለት እግርሽ ቆመሽ ስታለቅሺ ሳይሽ፣ አንቺም አንድ ነገር ይጉደልብሽ አልሁ። ያሰብሁት ይኸው ነው። ስፈርም እጄ አልከበደኝም።

ከዚያ እማ መጣች። «ማን ነው ያሰረህ?» አለችኝ። ወረቀቱ ላይ የፈረምሁትን ነገርኋት። እሷ ካንቺ ጋር የማትነጋገረው በማንም ወሬ አይደለም፤ በእኔ ቃል ነው።

ይህን ደብዳቤ የፈለግሽውን አድርጊበት። ፊርማዬ ከታች አለ፤ ይህኛው የእውነት ነው።

ሙዓዝ በሺር

*

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ሙዓዝ፣

«ደርሶሻል ወይ? ምነው ዝም አልሽ?» የሚሉት ሁለቱ ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ዝም ያልሁት ሥራ ስለነበረብኝ ነው።

ባለፈው ዓርብ መርማሪዎቹ ደሴ ተቀመጡ። ማረው ክራቫቱን አሥሮ፣ ፎልደር ይዞ መጣ። እኔ የማኅበሩን ዓርማ ደረቴ ላይ አድርጌ ከፊቱ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ ዓርማውን ነው ያየው፣ ከዚያ እኔን።

መርማሪው «ለእባብ ንድፊያ እግርን ጠፍሮ ማሰር በመመሪያው ተፈቅዷል?» አለው።

«አልተፈቀደም። ለዚህ ነው እሷን ያስቆምኋት» አለ። አየህ፣ ቃሌን ከአፌ ነጥቆ ለራሱ አደረገው! ቀጥሎ ፋይሉን ገለጠና የመጨረሻውን ገጽ ወደ እነሱ ገፋ። «ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የተጎዳው ወንድሟ ራሱ ፈርሞባታል» አለ።

ያንን ነበር የምጠብቀው። ደብዳቤህን አውጥቼ ከጎኑ አስቀመጥሁት። ያስተረጎምሁላቸውን አነበቡ፤ ሁለቱን ፊርማ አስተያዩ። ማረው ደብዳቤህን ወስዶ አማርኛውን ማንበብ ጀመረ። አልጋህ አጠገብ የተቀመጠበት ቦታ ሲደርስ ከንፈሩ ቆመ። «ለልጁ አዝኜ ነው የረዳሁት» አለ። መርማሪው «በረዱት ቀን ነው ያስፈረሙት?» ቢለው ፎልደሩን ከደነ።

ማዕረጉን ገፈፉት። መሥሪያ ቤቱም የተሰናበትሁበትን ደብዳቤ ሽሮ ሌላ ጻፈልኝ። ማረው ኮሪደር ላይ ጠብቆኝ ነበር። «አሁንስ በቃሽ?» አለኝ። «አልበቃኝም» አልሁት። ወላሂ ጣፈጠኝ፣ ሙዓዝ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ስወርድ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። መናኸሪያ ስደርስ ግን ሳቁ አለቀና የቀረው ያንተ ፊርማ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ተራው ያንተ ነው። እማ ማንበብ አትችልም። በገዛ አፍህ እንዳሳሳትሃት በገዛ አፍህ እውነቱን ትነግራታለህ። ኅዳር ሳያልቅ ገራዶ ትመጣለህ። ካልመጣህ ይህንኑ ደብዳቤህን ጁምዓ ሰግዶ በሚወጣው ሰው ፊት አስነብበዋለሁ። እኔ አልገኝም፤ እኔ ፊት እንድታለቅስ አልፈልግም።

ፊርደውስ

*

አሶሳ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1999 ዓ.ም.

ፊርደውስ፣

«ምን አለች?» ብለሽ በአንድ መስመር ጠይቀሽኛል። በአንድ መስመር አይመለስም፤ ግን ላሳጥረው።

ገራዶ ስደርስ እማ ደጃፉ ላይ ባቄላ እየለቀመች ነበር። ከጎኗ ተቀምጬ ከእባቡ ጀምሬ ነገርኋት። አላቋረጠችኝም፣ እጇም አልቆመም። ስጨርስ «ስትጮህ ሰምተሃታል?» አለችኝ። «ሰምቻለሁ» አልሁ። «ስጠይቅህስ ታስታውስ ነበር?» «አስታውስ ነበር።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። «እግርህን በረሃ ወሰደው ብዬ አለቀስሁልህ። ልጄን ግን አንተ ነህ የወሰድህብኝ» አለችኝ። ተነሥታ ገባች። ሦስት ቀን ከርሜ ስወጣ አልሸኘችኝም።

ሥራውን ለቅቄያለሁ። በእሱ የተገኘ ወንበር ላይ ልቀመጥ አልቻልሁም። አሁን አንድ የልብስ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ይህን የምጽፈው እንድታዝኝልኝ አይደለም፤ አድራሻዬ ስለተለወጠ ነው።

እማ ወዳንቺ መጣች ወይ? ከእኔስ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ንገሪኝ፤ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ሙዓዝ

*

ኮምቦልቻ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ሙዓዝ፣

መጥታለች። አንተ በሄድህ በሦስተኛው ቀን፣ አሮጌ ሻሿን አሥራ፣ ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ከታካሚዎቹ ጋር ተቀምጣ አገኘኋት። ካርድ አውጥታለች! ከሁሉ በፊት ላስገባት እችል ነበር። አላስገባኋትም። ከኋላዋ የመጡትን ሁለት ሰዎች አስቀድሜ እስከ ስድስት ሰዓት አስቀመጥኋት። በበሩ ክፍተት አያት ነበር። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ጠበቀች።

ስትገባ «ምንዎን ነው ያመመዎት?» አልኋት።

«እርስዎ አልሽኝ?» አለች።

«ታካሚን እንዲህ ነው የምንለው።»

ሻሿን አስተካክላ «ምላሴን ነው። አምስት ዓመት ከስድስት ወር ታስሮብኝ» አለችኝ። ብዕሬን አስቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፍልህም፤ የእሷና የእኔ ነው። አሁን ቤቴ ናት። ገና ብዙ አንነጋገርም። ጠዋት ጠዋት ግፊቷን ስለካ ክንዷን ትዘረጋልኛለች፤ ከፍ ስላለ ጨው ቀንሼባታለሁ፣ ስለ ጨውም ትጣላኛለች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» ላልኸው መልሴ ይኸው። አፉ ብያለሁ አልልህም፤ አላልሁምና። ማረውን በጠላሁት ልክ አንተን ልጠላህ ሞክሬ ነበር፤ እሱም አልሆነልኝም። ስለዚህ ሥራ እሰጥሃለሁ።

የመጀመሪያውን ሥልጠናዬን ኮምቦልቻ ላይ እከፍታለሁ። ከአፋር ጠረፍና ከወሎ ደጋ ሃያ አራት የጤና ሠራተኞች ይመጣሉ። ስለ እባብ ንድፊያ በመጽሐፍ ላስተምራቸው እችላለሁ፤ ይረሱታል። አንተ ፊታቸው ትቆማለህ። ሱሪህን ሰብስበህ፣ ሰው ሠራሹን እግር ፈትተህ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለህ። ማን እንዳሰረ፣ ስንት ሰዓት እንደታሰረ፣ ማን አይሆንም እንዳለ ትነግራቸዋለህ። ቀጥሎ ምን ላይ እንደፈረምህ ትነግራቸዋለህ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። በሚቀጥለው ሥልጠናም እንዲሁ፣ ከዚያም በሚቀጥለው፤ እኔ ይበቃል እስክል ድረስ። መቼ እንደምል አላውቅም።

እማ መስማት እፈልጋለሁ ብላለች። ከጎኔ ትቀመጣለች።

ሰኞ የካቲት 5፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። አትዘግይ።

ፊርደውስ በሺር